ጠባሳው የት ሄደ?

ሰፈርተኛው «አውሬው» ይለዋል። እሱ ግን ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ጓዳ ውስጥ፣ ከአንዲት መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ በጭቃ እየቀረጸ በፈሳሽ ፕላስቲክ እያባዛ የአውሬ አሻንጉሊት ይሠራል። አልጋው ሥር እስከ ጥግ የተደረደረው የኮሚክ መጽሔት ነው። ስለ ፊልም ያነሣበት ሰውማ አለቀለት። ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አይወድም፤ በባዶ ሲኒማ ቤት የታየውን፣ የአውሬው ልብስ ዚፕ ከጀርባው የሚታየውን ነው የሚወደው።

«ዚፑን የደበቀ ፊልም ምኑን ፊልም ሆነ!» ይላል። የአሻንጉሊቶቹን ዓይን የምትቀባው ባለቤቱ ትስቃለች።

ከሁሉ የሚበልጥበት በልጅነቱ ደጋግሞ ያየው የጉድጓድ አውሬ ፊልም ነው። አውሬው ፊቱን የሚያሳየው አንዴ ብቻ፣ ለቅጽበት ነው፤ ያኔ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ የሚያቋርጥ ነጭ ጠባሳ ይታያል። ካሴቱ የቪዲዮ አከራዩ የጋሽ አጠንጥን ነበር። ደንበኛውን ሁሉ «አጠንጥናችሁ መልሱ!» ሲሉ ኖረው ስሙ ወጣላቸው፤ ሱቃቸውን ሲዘጉ «በል ውሰደው፣ አንተው ነህ የጨረስከው» ብለው ሰጡት።

ዘንድሮ የኮሚክና የድሮ ፊልም ወዳጆች ባዛር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ አገኘ፤ የጉድጓዱን አውሬም ከነጠባሳው ቀርጾ አባዛ። እዚያ የሚመጡት የአውሬ ጥርስ የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ከሳቁበት ሥራውን ትቶ በአማቱ የዕቃ መደብር ሊቀጠር ለራሱ ምሏል።

በዋዜማው ጠዋት አንድ ጓደኛው የፊልሙን ጥርት ያለ ቅጂ በስልክ ላከለት። እየተንሰፈሰፈ ከፈተው። ፊቱ ጋ ሲደርስ አቆመው። ጠባሳ የለም! ሮጦ ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተ። ነጩ መስመር ለካ ከአውሬው ጉንጭ አልፎ ግድግዳውንም ያቋርጣል። ያ ሁሉ ተከራይ እዚያች ቦታ ላይ እያቆመ ሲያይ ካሴቱ ተጨማድዶ ኖሯል።

ቁጭ አለ፣ ተነሣ፣ መስኮት ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።

«ምን ሆነሃል? ንብ ነደፈህ እንዴ?» አለች ባለቤቱ።

«ጠባሳ ብዬ የቀረጽኩት የካሴት መጨማደድ ነው!»

«ታዲያ አምሮበታል፤ ተወው።»

«ይስቁብኛል እኮ!»

ጠባሳውን ሲደፍን፣ ሲፈገፍግ ዋለ። እሷም እያጉረመረመች የደፈነውን መልሳ ቀባችለት። ትንሿ ልጃቸው ብቻ የራሷን አውሬ ደረቷ ላይ ለጥፋ «የኔን ፊት አትነካም!» ብላ አለቀሰች። ተወላት።

ባዛሩ ላይ አንድ ቦታ መቆም አቃተው። አሻንጉሊቶቹን ወደ ግራ ያዞራል፣ ወደ ቀኝ ይመልሳል። ሰው ያያል፣ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ሽበታም ሹፌር፣ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ቆመና አንዱን አነሣ።

«ይሄ የጉድጓዱ አውሬ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ጠባሳው የት ሄደ?»

«ፊልሙ ላይ ጠባሳ የለውም ጌታዬ። አጣርቻለሁ።»

«ኧረ ወዲያ! ስንቴ አቁሜ ያየሁትን!»

«ከየት ተከራይተው?»

«ከጋሽ አጠንጥን ነዋ!»

አሻንጉሊት ሠሪው ወደ ሹፌሩ ጠጋ አለ። ሹፌሩ ዞር ብሎ ተጣራ፦ «ኑ እስቲ! የኛን አውሬ ፊቱን አጥበውታል!»

የጋሽ አጠንጥን የድሮ ደንበኞች ተሰበሰቡ። አንዲት ሴትዮ የልጅቷን አሻንጉሊት አየችና «ይኸውላችሁ፣ ትክክለኛው!» አለች።

«አይሸጥም!» ልጅቷ ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ኦሪጅናሉ ላይ እኮ መስመር የለም» አለ አንድ ቀጭን ወጣት።

«አንተ ሳትወለድ ነው ያየነው፤ ዝም በል!» አለችው ሴትዮዋ። ሳቁ። ሳቁ ግን በአሻንጉሊት ሠሪው ላይ አልነበረም።

ባለቤቱ ከቦርሳዋ መቅረጫውን ቢላዋ አውጥታ ባሏ ፊት ለፊት አኖረች። «እኔማ ነግሬው ነበር» አለች ለሹፌሩ።

ተቀመጠና የደፈነውን መልሶ ይፈቀፍቅ ጀመር። መሀል ላይ እጁ ቆመ።

«ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፍ ነበር አይደል?»

«ወደ ታች ነው እንጂ!» አለ ሹፌሩ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ።