ድንኳን ለባሹ ጀግና

ልጆች ሆነን ሰፈራችን ውስጥ ጀግና አልነበረም። ኮልፌ ሌላ ሌላውን ሁሉ ነበረው፤ ብረት በያጅ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከተሳፋሪ ጋር የሚነታረክ የታክሲ ረዳት። ጀግና የሚገኘው ቪዲዮ ቤት ብቻ ነበር። እሱም ፈረንጅ ነው፤ የተጣበቀ ሱሪ ለብሶ ይበራል፣ ሰው ከፎቅ ሲወድቅ መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። እኔና ጓደኛዬ በዚህ ነገር ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው። አንደኛ እኛ ሰፈር ፎቅ የለም፤ ሁለተኛ በሰዓቱ የሚደርስ ነገር አናውቅም፤ ውሃም፣ መብራትም፣ ታክሲም።

ስለዚህ በሥዕል መጽሐፍ የራሳችንን ጀግና ሠራን። የእድር ጀግና ነው። ካባው የእድሩ ድንኳን ሸራ፣ መሣሪያው ትልቅ ጭልፋ። ከሌሎቹ ጀግኖች የሚለየው ማንንም አለማዳኑ ነው። ሰው ጉድጓድ ሲገባ፣ መኪና ሲገጨው፣ ጎርፍ ሲወስደው እሱ ገና አግዳሚ ወንበር እየቆጠረ ነው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ከሰማይ ይወርድና ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ያድላል፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ "ዘገየሁ፤ ግን መጣሁ!" ይላል። መጽሐፎቻችን ሁሉ የሚያልቁት በዚህች ቃል ነበር።

ወሬውን የምፈጥረው እኔ ነኝ፣ የምትስለው እሷ። እጇ የተለየ ነበር። የማንንም ሰው ፊት በሦስት መስመር ታወጣለች፤ የማንንም ሰው የእጅ ጽሑፍ ባለቤቱ እስኪጠራጠር ድረስ ታስመስላለች። ወረቀቱ ደግሞ ከአባቴ ነው። አባቴ የእድሩ ጸሐፊ ነበር። ሰው ሲሞት የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በግማሽ ወረቀት ጽፎ በራችን ላይ ካለው ምስማር ይሰካል፤ ጡሩምባ ነፊው ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ ይወስድና ሰፈሩን እየዞረ ይለፍፋል። አባቴ ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ ግማሽ ወረቀቶቹን አስቀድሞ ማኅተም እየመታ ይቆልላቸው ነበር። ሞት ድንገት ቢመጣም ማኅተሙ ዝግጁ ነው። ለእኛም ተመችቶናል፤ ከደብተር ወረቀት ይወፍራል፣ ቀለምም አያሳልፍም።

በየመጽሐፉ የሚሞተው ሰው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ማዕዘኑ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ። እኚህ ሰው ግቢያቸው የገባ ኳስ ሁሉ በቢላ ይበሱ ነበር። ወንዶቹ እኛን ሴቶቹን የሚያጫውቱን በረኛ አድርገው ብቻ ስለሆነ፣ ኳስ አጥር በዘለለ ቁጥር ጥፋተኞቹ እኛ ነን። ስለዚህ ጡረተኛውን በወረቀት ላይ እንገድላቸዋለን። አንዴ በራሳቸው ቢላ፣ አንዴ በሳሙና ተንሸራትተው፣ አንዴ የሰፈሩ ኳሶች ሁሉ በአንድ ቀን አጥሩን ዘለው ሲወድቁባቸው። ጀግናችን በሁሉም ላይ ዘግይቷል።

ጓደኛዬና እናቷ እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። እናቷ እዚህ አገር ዘመድ የላትም። እድሩ እንዲያስገባት ማመልከቻ ካስገባች ቆይቷል፤ ኮሚቴው "እናየዋለን" ይላል። ተከራይ ነገ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል ነው ምክንያቱ፤ ባለቤት ግን፣ እግዜር ይመስገን፣ የትም ሳይሄድ እዚሁ ይሞታል። አንድ ቀን ልብስ እያጠበች እናቴን "እኔ አንድ ነገር ብሆን ማን ያነሳኛል? ይቺ ልጅ ብቻዋን ትሸከመኝ?" ስትላት ሁለታችንም ሰማን። ጓደኛዬ እርሳሷን አስቀመጠች። በመጨረሻ ኮሚቴው ጉዳዩን እሑድ በጠቅላላ ስብሰባ እንደሚያየው ነገራት። ያን ሳምንት በየመንገዱ ላገኘችው የእድር አባል ሁሉ ሰላምታዋ ወገብ የሚቆርጥ ነበር።

አደጋው የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። አዲሱ መጽሐፋችን የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ማስታወቂያ ነበረው፤ ጡረተኛው ማረፋቸው፣ ቀብራቸው በስድስት ሰዓት መሆኑ፣ በአባቴ አጻጻፍና ጓደኛዬ ባስመሰለችው በአባቴ እጅ። ቀልድ አላስገባሁበትም። አባቴን መምሰሉ ራሱ ይበቃል ብዬ ነው። ሥዕሉ በጀርባው ነበር። ገጹ ተገንጥሎ ሲወድቅ አላየንም። ያየችው እናቴ ናት። ማታ ቤት ስትጠርግ አነሳችው፤ ማኅተም አየች፤ ባሏ የጻፈው ማስታወቂያ ከምስማሩ ወድቆ መሰላት፤ ሳታነበው አራግፋ በቦታው ሰካችው። እናቴ ዕቃ ያለቦታው ማየት አትወድም።

ጡሩምባ ነፊ ደግሞ ወረቀት ገልብጦ አያነብም። ጎህ ሲቀድ "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ተባለ፤ የጡረተኛው ስም ተጠራ። አባቴ ከአልጋው ብድግ ብሎ "እኔ ሳልጽፍ?" አለ። ጸሐፊው ሳያውቅ መሞት ለእሱ ድፍረት ነበር። ሆኖም ሊቀመንበሩ በቀጥታ ለነፊው ነግረውት ይሆናል ብሎ፣ እያጉረመረመ ጥቁር ኮቱን ለበሰ። እኔና ጓደኛዬ በመስኮት ተያየን። የእሷ ፊት እንደ ወረቀቱ ነጥቶ ነበር።

ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ድንኳኑ እየተተከለ ነው። የግቢው በር ከውጭ ተቆልፏል። ይህ ማንንም አላሳሰበም፤ አንዱ "አስከሬኑ ሆስፒታል ነው" አለ፣ ሌላው በሽታውን አወቀው፣ ሦስተኛው "ለእኔ ነግረውኝ ነበር እኮ" አለ። ለቀስተኛው ወንበር ላይ ተደርድሮ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራል። የምታለቅስ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የጓደኛዬ እናት። አባል ሳትሆን ከአባላቱ ቀድማ መጥታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሩ ሥር ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች። ለማን እንደምታለቅስ እኔ አውቅ ነበር።

በዚህ መሐል ጡረተኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ድንኳኑን አይተው ደነገጡ፣ ካስማ የሚመታውን ጎረምሳ ጠጋ ብለው ጠየቁት።

"ማነው የሞተው ልጄ?"

"እርስዎ" አላቸውና ቀና ሲል መዶሻውን ጣለው።

የተከተለውን ጩኸት ልተወው። ነፊው ወረቀቱን አወጣና "በማኅተም ነው የተነገረኝ" አለ። አባቴ ወረቀቱን አይቶ "እጄ ነው፤ ግን እኔ አልጻፍኩትም" አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሱ ላይ ያለው እምነት ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ጡረተኛው ወረቀቱን ተቀበሉት። ገለበጡት። በጀርባው ጀግናችን የእሳቸውን ሬሳ ሣጥን በጭልፋ አንጠልጥሎ እየበረረ ነው፤ ከኋላ የተበሱ ኳሶች ነጠላ አዘቅዝቀው እያለቀሱ ይከተላሉ። ጡረተኛው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የምታለቅሰውን ሴትዮ አዩ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በራቸውን ከፍተው ገቡ።

እስከ እሑድ ድረስ እርሳስ አልነካንም። የጓደኛዬ እጅ መሆኑ ከታወቀ እናቷ እድር የምታየው በሕልሟ ነው። እኔ የጸሐፊ ልጅ ነኝ፣ ቢበዛ እገረፋለሁ፤ እሷ ግን እናቷን ነው የምታሳጣው። ጓደኛዬ "ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ?" አለችኝ። ቢላቸውን አስቤ አይሆንም አልኳት።

እሑድ ስብሰባው በእድሩ ሜዳ ተጀመረ። እኛ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለናል። ሊቀመንበሩ ማኅተም መደፈሩን፣ እድሩ መዋረዱን ተናገሩ። አንዱ ተነስቶ "ይሄ ሁሉ ተከራይ ከበዛ ወዲህ የመጣ ነው፤ የሰውን እጅ አስመስላ የምትጽፍ ልጅ አለች ሲባል ሰምቻለሁ" ሲል የጓደኛዬ እናት አንገቷን ደፋች። ጓደኛዬ እጄን እስኪያመኝ ያዘችኝ።

ጡረተኛው ቀስ ብለው ተነሡ።

"ወረቀቱን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፈቱ። "እርስዎ? የራስዎን ሞት? ለምን ሲባል?"

"ማን እንደሚመጣ ለማየት። አየሁ። ያልመጡትን በደንቡ መሠረት ቅጡልኝ። የመጡትም ስለ ሲሚንቶ ሲያወሩ ነበር ብላችሁ ጻፉልኝ።" ከዚያ በጣታቸው ወደ ኋላ አመለከቱ። "እኔን ብሎ ያለቀሰ አንድ ሰው ነው፤ እሷም አባል አይደለችም። እሷን ካላስገባችሁ እኔን አውጡኝ። የሚያለቅስ ሰው የሌለበት እድር ምን ያደርግልኛል?"

የእድሩ ደንብ የራሱን ሞት ያስነገረ አባል ስለሚቀጣበት ሁኔታ ምንም አይልም ነበር። አሁን ይላል፤ አባቴ ነው የጻፈው። የጓደኛዬ እናት በዚያው ዕለት ገባች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጡረተኛው በራቸው ላይ ቆመው ጠሩን። የሚሆነውን ለመቀበል ጎን ለጎን ቆምን። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኳስ አምጥተው እግራችን ሥር አፈሰሱት። ሁሉም የተበሱ ናቸው። "ሁለተኛ ስትስሉኝ አፍንጫዬን ቀንሱት" አሉና በሩን ዘጉብን። ሳላፍር እናገራለሁ፤ በጣም ወደድኳቸው። አፍንጫቸውን ግን አልቀነስንም።

ዛሬ እድሩ ሞት የሚያስነግረው በስልክ መልእክት ነው፤ ቢፈልጉም አይገለበጥም። ጓደኛዬና እናቷ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ከገቡ ዓመታት ቢያልፉም እናቷ ከኮልፌው እድር አልወጣችም። በየወሩ በሁለት ታክሲ እየሄደች ትከፍል ነበር። "እዚህም እኮ እድር አለ" ስንላት "የእኔ እዚያ ነው" ትለን ነበር።

ዘንድሮ አረፈች። መልእክቱ እንደደረሰኝ ጭንቅላቴ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌ ሮጥኩ፤ ታክሲው በየፌርማታው እየቆመ እድሜዬን ጨረሰው። ስደርስ ጓደኛዬ ከፎቁ ሥር ብቻዋን ቆማለች፤ ዓይኗ ደርቋል፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ከፊቷ የኮልፌ ሰዎች ካስማ ይመታሉ፣ አግዳሚ ወንበር ከአይሱዙ ያወርዳሉ። እኔ ከመድረሴ በፊት ድንኳኑ ግማሽ ደርሷል። አጠገቧ ቆምኩ። ሸራው ተወጥሮ ከፍ ሲል ቀና ብላ አየችው።

"ዘገየ እንዴ?" አለችኝ።

"ዛሬ እንኳ አልዘገየም" አልኳት።

ያኔ ነው ያለቀሰችው።