በጎባ መንገድ የምትሮጠው

ሩጫ ያቆምኩት አንድ ቀን ወስኜ አይደለም። መጀመሪያ የተረከዜ ጅማት አበጠ፤ ክለቡ ደግሞ የታመመ አትሌት ብዙ የሚጠብቅ አልነበረም። ከዚያ አገባሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ መጣች፣ ሁለተኛው ተከተለ። ባለቤቴ ሮቤ ገበያ አጠገብ የእህል መደብር ነበረውና ጠዋት ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ሆንኩ። ማራቶን እሮጥ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው እየቀነሰ ሄደ። እኔም ለማንም አላነሳውም።

ከሩጫ ዘመኔ የቀረኝ አንድ አረንጓዴ ጃኬት ነበር። ሁለተኛውን ልጅ ባረገዝኩበት ክረምት፣ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ጃኬቱን በመቀስ ቆራርጠው ትራስ ሞሉበት። «ብል ከሚበላው» አሉ። በዚያ ትራስ ላይ ለዓመታት ተኛሁ።

በእነዚያ ዓመታት ታዲያ ጎህ ሲቀድ የምነቃው ደክሞኝ ነበር። ባቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ አፌ ደርቆ። «በእንቅልፍሽ እግርሽን ታንቀሳቅሻለሽ» ይለኛል ባለቤቴ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ኪኒን ሰጡኝ። ዋጥኩት፤ ለውጥ አላመጣም።

ወደ ሩጫ የተመለስኩት ሮቤ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተና ከተማውን ባጃጅ ከሞላው በኋላ ነው። ድሮ አብራኝ ትለማመድ የነበረች፣ አሁን የስፖርት መምህርት የሆነች ጓደኛዬ ስንዴ ልትገዛ መደብር መጣች። ከክረምት በኋላ ለሁሉም ክፍት የሆነ ማራቶን እንዳለ ነገረችኝ።

«እግርሽ ድኗል አይደል?» አለችኝ።

«ድኗል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

በሳምንቱ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሰፊ ሱሪና ሹራብ ለብሼ፣ ሻሼን ከአገጬ ስር አጥብቄ አስሬ ወጣሁ።

ጉም ነበር። የባሌን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ ፊት ለፊትህ ይፈጠራል፣ ከኋላህ ይጠፋል። ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ይጠምድ ነበር። ሳልፍ ቀና ብሎ «ዛሬ አረፈድሽ» አለኝ። ከሌላ ሰው ጋር አምታቶኝ ነው ብዬ አለፍኩ።

ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ፣ በራቸው ደጃፍ ወተት የሚሸጡ አሮጊት አሉ። ሁላችንም አዳዳ ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አክስት እንደ ማለት። በወጣትነቴ ሁልጊዜ ሰላም ብያቸው ነበር የማልፈው። አሁንም ቆሜ እጃቸውን ያዝኩ።

«አካም ቡልተን፣ አዳዳ?» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «ዛሬስ ሰላም አልሽኝ። ስንት ዘመን ፊትሽን ወደ ስንዴው ማሳ አዙረሽ ስታልፊ፣ በምን አስቀይሜያት ይሆን እል ነበር።»

«እኔ እኮ ሩጫ ከተውኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ወልጄ ቤት ነበርኩ።»

እጃቸውን ከእጄ ውስጥ አወጡ። ከጫማዬ እስከ ሻሼ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ያ አረንጓዴ ልብስሽስ?»

«የለም፣ አዳዳ። ተቀዷል።»

«ትናንት ለብሰሽው ነበር» አሉ።

ጎባ ሳልደርስ ተመለስኩ። ስመለስ በሩጫ አልነበረም፤ በእርምጃ፣ ወደ ኋላ እየዞርኩ።

ባለቤቴ ነገሩን በሳቅ ሊያሳልፈው ሞከረ። «ከተማው በሯጭ ተሞልቷል። ለአሮጊት ዓይን ሁሉም አንድ ነው» አለ። ግን አንድ ነገር ሳይገባው ከቀረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የወንድሙን ባጃጅ ተውሶ፣ እኔ ወጣ ካልኩ በኋላ ቀስ እያለ ሊከተለኝ ተስማማን።

ያን ቀን ጉሙ ይበልጥ ወፍራም ነበር። የሞተሩን ድምፅ ከኋላዬ እየሰማሁ ስሮጥ ልቤ ረጋ ብሎ ነበር። መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ በፊት ግን ባቴን ጨመደደኝ። ከአስፋልቱ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ማሸት ጀመርኩ። ባጃጁ ደረሰ። አልቆመም። ባለቤቴ አንገቱን በጎን አውጥቶ፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ቀስ በይ» እያለ አለፈኝ። ስሜን ጠራ። እኔ ከኋላው ጮህኩ፤ ሞተሩ ዋጠው። የኋላ መብራቱ ትንሽ ቀልቶ ጠፋ።

እያነከስኩ መንገዱን ያዝኩ። ብዙ ቆይቶ ከጎባ በኩል ተመለሰ። ሲያየኝ ባጃጁን መሃል መንገድ ላይ አጠፋው፤ አልወረደም። መሪውን እንደጨበጠ ነው።

«አንቺ እዚህ ነሽ?» አለ።

«ከድልድዩ በፊት ቆሜ ነበር። አልፈኸኝ ሄድክ።»

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቁርአን እየቀራ ነበር።

«ማንን ነው የተከተልከው?»

«አንቺን» አለ። «ጀርባሽን። ግራ እጅሽን ወደ ውጭ ወርወር የምታደርጊውን አላውቀውም? ጎባን አለፍሽ። የሳነቴ ዳገት ስር ስትደርሺ በስምሽ ጠራሁሽ።»

«ዞረች?»

«አልዞረችም። እጇን ብቻ አነሳች። ደንበኛ ይዘሽ ስጠራሽ ቆይ እንደምትዪኝ።»

ቤት ስንደርስ ነገሩን ለአማቴ የነገራቸው እሱ ነው። ጂን የሚባል ነገር ሲነሳ የሚቆጡ ሴት ናቸው፤ «ቁርአን በሚቀራበት ቤት!» ይላሉ። ያን ቀን ግን አልተቆጡም። ቀጥ ብለው መኝታ ቤት ገቡ፣ ትራሴን አንስተው ስፌቱን በምላጭ ተረተሩት። አረንጓዴው ቁርጥራጭ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አንዱን አንስተው ጨመቁት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ለእኔ ሰጡኝ። እርጥብ ነበር። ላብ ላብ ይላል፤ የቆየ ላብ ሳይሆን የዛሬ።

«ክረምት ነው፤ ቤቱ ሁሉ እርጥበት ነው» አለ ባለቤቴ።

አማቴ ቁርጥራጩን ሰብስበው ጓሮ ወስደው አቃጠሉት። ጢሱ ወደ ላይ አልወጣም፤ በአጥሩ ስር እየተሳበ ወደ መንገዱ ሄደ። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ስታቆሚ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ። «ልጅ ይዘሽ ቤትሽ ስትቀመጪ። እንዲህ ያለ ነገር ግን አላሰብኩም፣ ወላሂ።»

ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ ነበር የሚቀለው። ሞከርኩም። ግን ጠዋት መደብሩን ከፍቼ ስቆም፣ አሁን የት ደርሳ ይሆን እያልኩ መንገዱን ማስላት ጀመርኩ። አሁን ድልድዩን አለፈች፣ አሁን አዳዳ ደጅ ናት። የሚዛኑን ድንጋይ በእጄ እንደያዝኩ ደንበኛ ይጠራኛል፤ አልሰማም። ከዚህ ፍርሃት መንገድ ላይ ያለው ይሻላል ብዬ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን ተራራ ሳልወጣ ለማራቶን እንደማልበቃ ትነግረኝ ነበር። አንድ ጁምዓ ጠዋት ባለቤቴ በባጃጅ እስከ ጎባ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ እንዳልሄድ ለመነኝ። ሻይ ቤት ገብቶ እንዲጠብቀኝ ነገርኩትና ዳገቱን ጀመርኩ። የአስታ ዛፉ ጫካ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ጠጠሩ መንገድና ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል ብቻ ነው። ጅብራ በጉም ውስጥ ሰው ይመስላል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ረጅም ሰው። አንዱን ስታልፍ ሌላው ብቅ ይላል። ትንፋሼ ያጥራል፣ ጆሮዬ ይጮሃል። አየሩ ነው እላለሁ።

ከላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

ቁልቁል የሚወርድ ሯጭ ኮቴ ነው፤ በድካም መሬት የሚጠፈጥፍ። አንዱ እግር ከሌላው ጠንከር ይላል። የታመመ ተረከዝ ያለው ሰው እንዲያ ነው የሚረግጠው፤ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። እየቀረበ መጣ። የትንፋሹን ፉጨት ሰማሁ። መንገዱ ላይ ግን ማንም የለም። እግሬ መቆም ፈለገ፣ አልቆምኩም። ሯጭ ለሯጭ እንደሚያደርገው ወደ ጠርዝ ጠጋ ብዬ መንገድ ለቀቅኩ።

«አይዞሽ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ትከሻዬን ቀዝቃዛ ነፋስ ነካው። ከኋላዬ ኮቴው ቆመ። እዚያው፣ ልክ ከጀርባዬ። የሚያለከልክ ሰው ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ሰማሁ። አልዞርኩም። እንባዬ እየወረደ ዳገቱን ወጣሁ።

ስወርድ ጉሙ ሳስቶ ነበር። በወፍራም ጋቢ የተጠቀለለ አንድ ባለፈረስ ሽማግሌ ከታች መጣ። ፈረሱን አቁሞ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ተጣላችሁ እንዴ?» አለኝ።

«ከማን ጋር፣ አባባ?»

«ቅድም ከወረደችው ልጅ ጋር። እያለቀሰች ነበር። ቁጭ በይና ትንሽ እረፊ ብላት፣ አሁን ቤቴ ልገባ ነው አለችኝ።»

ባለቤቴን ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማንም ሲያልፍ አላየም። ይህን ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ማንንም አላየም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዳዳ ደጅ ከእኔ በፊት የሚያልፍ ሰው የለም። እኔ ሰላም ስላቸው መጀመሪያ እጄን ይዳስሳሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ።

ማራቶኑን ሮጥኩ። ከኋለኞቹ ጋር ነው የጨረስኩት፤ ግን ጨረስኩ። የመጨረሻውን ረጅም ቀጥታ መንገድ ከአርሲ ከመጣች፣ በእድሜ ከእኔ ከፍ ካለች ሴት ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነን ነበር የሮጥነው። ከመስመሩ ወዲያ ሣሩ ላይ አብረን ወደቅን። ውሃዋን አካፈለችኝ።

«ብዙ ጊዜ አርፌ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ወልጄ፣ ታምሜ። ዘንድሮ ነው የተመለስኩት።»

«እኔም» አልኳት።

ጫማዋን እየፈታች ነበር፤ እጇ ቆመ። ቀና ብላ ፊቴን አየችው፤ ቆየት ብላ አየችው። እሷንም መንገድ ላይ የጠበቀቻት ነበረች ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እሷም አንድ ነገር ልትል መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት ባሏ ነጠላ ጫማና ጋቢ ይዞ መጣና ደግፎ አስነሳት። ሄደች። ትንሽ ራቅ ካለች በኋላ ዞር አለች።

«ሰላም ግቢ» አለችኝ።

«አሚን» አልኳት። «አንቺም።»