በጥምቀት የበራው አምፖል

የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ቡሬ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ በመኪናዋ ትመጣ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን በሚኒባስ መጣች። "አክስቴ፣ ብርዱ ባትሪዬን ጨረሰብኝ" አለችና ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን አወጣች። የሳጥኗ አንድ ጫፍ ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ በሌላው በኩል ሁለት መቆንጠጫ አላት። መኪና ቆሞ ሲያድር ባትሪውን በትንሽ በትንሹ እየመገበች የምታቆይ ዕቃ ናት።

በማግሥቱ አብሬያት ቡሬ ሄድኩ። እኔ መፍታትና ማሰር አይሆንልኝም፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። መመሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላነብላት መቆንጠጫውን እንዳትነካ ከለከልኳት። "አክስቴ፣ ሁለት ሽቦ እኮ ነው!" ብላ ሳቀችብኝ። ሁለት ሽቦ መሆኑንማ አላጣሁትም። ነገሬ ሁሉ የመጣው ከሁለት ሽቦ ነው።

የተወለድኩት ከግሽ ዓባይ ወዲህ ባለች ትንሽ የደጋ ከተማ ነው። አገሩ የገብስና የድንች አገር ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በእንስራ ያደረ ውኃ ጥርስ ያማል። እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ሴቶች መጀመሪያ ተዳርኩ፤ ትምህርት ቤት የገባሁት ትዳሩ አልሆን ብሎ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ፍኖተ ሰላም ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የክፍሌ ልጆች "እትዬ" ይሉኝ ነበር፤ ግማሾቹ በአክብሮት፣ ግማሾቹ ለማሾፍ። የክፍሉ ኃላፊ መምህርም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጠርተው፣ "በዚህ ዕድሜ ከቀን ተማሪ ጋር የተቀበልንሽ በልመና ነው፤ አንድ ፈተና ቢያመልጥሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጠዋለን" አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሆነውን ነው የነገሩኝ።

ከእኛ ከተማ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ የአያ ይበልጣል ባለ ሸራ ላንድሮቨር። በብርዱ ወራት ጠዋት ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ ያቃስትና ዝም ይላል። ተሳፋሪው የከፈለበትን መኪና እየገፋ ጉዞ መጀመር ለምዶ ነበር፤ ካህን ሳይቀር ጥምጣሙን አስተካክሎ ይገፋል። በዚያ ዓመት ግን አያ ይበልጣል ዘዴ አገኙ። መኪናዋ የምታድረው በእትዬ ውዴ ወፍጮ ቤት ግቢ ነው። ወፍጮው ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታች ዲናሞ ነበረችው፤ በቀበቶ እየዞረች ለወፍጮ ቤቱ መብራት ትሰጣለች። አያ ይበልጣል ከቡሬ መካኒክ አስመጥተው ከዲናሞዋ ሽቦ አስወጡና እስከ መኪናዋ ባትሪ አደረሱት። ኃይሉ ባትሪውን እንዳያቃጥለው መካኒኩ በመሐል ትንሽ አምፖል አስገባበት፤ አምፖሏ በወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ በር አጠገብ ተሰቀለች።

ያን ቀን ስንቅ ልወስድ አገሬ ወጥቼ ነበርና ሽሮ ላስፈጭ ሄጄ ቆሜ አይ ነበር። የኤሌክትሪክን ምዕራፍ በቅርቡ ተምሬው ስለነበር አፌ አላስቻለኝም፤ "ወፍጮው ሲቆምስ?" አልኩት።

"ሲቆም ሽቦውን ከባትሪው ንቀሉት" አለ መካኒኩ። "አለዚያ ነገሩ ይገለበጥና ዲናሞው ባትሪውን ይጠጣዋል።"

አያ ይበልጣልም ሰምተዋል። ወፍጮው ሥራ ሲያቆም ሽቦውን በየቀኑ በገዛ እጃቸው ይነቅሉ ነበር። ወሩን ሙሉ መኪናዋ ሳትገፋ ተነሣች።

ጥር ላይ ለጥምቀት አገሬ ወጣሁ። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና የሚጀምረው በሚካኤል ማግሥት ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ የምፈራው ሒሳብ ነበር። መንገዱ በእግር ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ በሚካኤል ዕለት ከቤት ተነሥቶ መንገድ መጀመር ደግሞ በእኛ ቤት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ተስፋዬ በሙሉ በማግሥቱ ማለዳ የምትወርደው ላንድሮቨር ነበረች።

የከተራ ዕለት እትዬ ውዴ ወፍጮውን በጊዜ አቆሙና ቆለፉ። ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ታቦቱን ሊያጅብ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ ዘፈኑም ሆታውም እንደ ልማዱ ነበር። በጥምቀት ዕለት ግን ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቶች ተሰብስበው አገኘሁ። በሳንቃው ስንጥቅ ተራ በተራ ወደ ውስጥ ያያሉ።

"ጧፍ ነው" ትላለች አንዷ። "ውዴ ስለት ገብታ ይሆናል።"

"ምን ስለት? በበዓል የምትፈጨው ቢኖራት ነው እንጂ!"

እትዬ ውዴ ይህን ሲሰሙ ደርሰው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። "እኔ ነኝ በጥምቀት የምፈጭ? እኔ? አንቺ አይደለሽም ወይ ባለፈው ለማርያም ዋዜማ ካልፈጨሽልኝ ብለሽ በሬን የደበደብሽ?"

እኔም ተጠግቼ በስንጥቁ አየሁ። ጧፍ አልነበረም። የአምፖሏ ክር ቀላ ብሎ ይነድዳል። ወፍጮው ከቆመ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እንግዲህ የሚያበራት የመኪናዋ ባትሪ ነው። አያ ይበልጣል በከተራ ጥድፊያ ሽቦውን ሳይነቅሉ ሄደዋል ማለት ነው። ከፊታችን ደግሞ ገና ሚካኤል አለ።

አያ ይበልጣል አጥሩ ሥር ቆመው ከሰዎች ጋር ይስቁ ነበር። ጠጋ ብዬ በቀስታ ነገርኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ማስታወሳቸው ነው። ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

"በበዓል መኪና አልነካም" አሉ። "መኪናዋን ከገዛሁ ቀን ጀምሮ የተሳልኩት ነው። ለአንቺ ስል አላፈርሰውም።"

"ነገ ማታ ድረስ ከነደደ ከነገ ወዲያ አትነሣም፣ አያ።"

"ትገፋለች።"

"ተገፍታ ባትነሣስ? የእኔ ፈተና ጠዋት ነው።"

"አንቺ ተማሪ፣ ሥራ አልይዝም አልኩሽ እኮ!"

ሰው መስማት ጀምሮ ነበር። እኔ ሰው ፊት መናገር ቀርቶ ሰው ፊት መብላት የምፈራ ነበርኩ። ግን ቃሉ አመለጠኝ። "መብራት ማጥፋት ሥራ ነው ወይ?"

አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብለው ወደ መሬት አዩ።

"የቤት ኩራዝ በጥምቀት ይጠፋ የለም ወይ? ሰው ሲተኛ እፍ ይል የለም ወይ?" አልኳቸው። "እርስዎ አይንኩት። መፍቻም አያስፈልግም፤ መቆንጠጫውን በእጄ አላቅቀዋለሁ።"

እትዬ ውዴ አላስጨረሱኝም። "ታጥፋው! ስሜን ያጠፋው ይኸ መብራት አይደለም? አንተ ሰውዬ ስለትህን ጠብቅ፤ እኔ ግን ነገ በየድግሱ ልቦጨቅ ነው!"

አያ ይበልጣል ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ባሕር ዛፍ አዞሩ። "እኔ የማየው ነገር የለም" አሉ።

የመኪናዋ ኮፈን ከባድ ነበር፤ እትዬ ውዴ ከፍ አድርገው ያዙልኝ። መቆንጠጫውን በነጠላዬ ጫፍ ጨብጬ ጎተትኩት። ከወፍጮ ቤቱ በር በኩል፣ "ጠፋ!" የሚል የሴቶች ድምፅ መጣ። አንዷ ምን እንደሆነ ሳይገባት እልል አለች።

ከሚካኤል ማግሥት ጎሕ ሲቀድ ደረስኩ። ብርዱ ፊት ይልጥ ነበር። ተሳፋሪው እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ መግፋት እንደሚጠብቀው አውቆ ቆሟል። አያ ይበልጣል አማተቡና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ጎተት ብሎ አቃሰተ፤ ቆመ። ጥቂት ጠብቀው እንደገና አዞሩ። እንደገና አቃሰተ፣ አቃሰተና፣ እኔ ዓይኔን በጨፈንኩበት፣ ተንደቅድቆ ተነሣ። ሰማያዊ ጭስ ሁላችንንም አለበሰን።

"ሚካኤል አስነሣት!" አሉ አያ ይበልጣል ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ተማሪዋ ከፊት ትግባ" አሉ። የፊቱ ወንበር የካህናትና የሽማግሌዎች ነበር። የተቀመጡት ቄስ ጥግ ይዘው ቦታ ለቀቁልኝ። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስለ ሽቦው አንድም ቃል አልተናገርንም። መንገድ ላይ ግን አያ ይበልጣል ከቋጠሩት የድንች ቅቅል ገምሰው ሰጡኝና፣ "ብዪ፤ ሒሳብ በባዶ ሆድ አይሆንም" አሉኝ። የምፈተነው ሒሳብ መሆኑን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ከአባቴ ሳይሰሙ አይቀርም።

የትምህርት ቤቱን በር ዘበኛው ሲዘጋ ደረስኩ፤ አስገባኝ። ሒሳቡን አለፍኩት፤ ብዙም ባይሆን አለፍኩት። ቦታዬንም አላጣሁም። ከዚያ በኋላ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፤ እዚያው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኖርኩ።

ትዕግሥት ሥራዋን ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ይህን ነገርኳት። "በክርክር ረታሻቸው በይኛ!" አለችኝ። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ብቻዬን ሳስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜዬ ወደ እሳቸው ሲጠጋ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አያ ይበልጣል ያን ዕለት "አይሆንም" ብለው መቆም ይችሉ ነበር፤ መኪናዋ የእሳቸው ናት፣ ስለቱም የእሳቸው ነው፣ እኔ ደግሞ ከባሏ የተመለሰች ተማሪ ነኝ። እሳቸው ከከለከሉኝ ማንም ተሟግቶ እጄን ባትሪው ላይ አያደርስልኝም ነበር። ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ ሲያዞሩ ያኔ ሽንፈት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስለታቸውን ሳያፈርሱ ለእኔ ሊሰጡኝ የሚችሉት ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሰጡኝ።