ሐሙስ ምን ሊደረግ ነው?

ከሚኒባሱ ያወረዱኝ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ልንገባ ስንል ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር። መታወቂያዬን የተቀበለው ወታደር ከያዘው ወረቀት ጋር አስተያየውና «መምህር፣ አንድ ጊዜ ውረድ» አለኝ። «አንድ ጊዜ» በእኛ አገር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ፤ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። እኔ ግን ጋቢዬን ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩ። ሚኒባሱ ጥቂት ጠበቀና ሄደ።

ስሜ ወረቀቱ ላይ ለምን እንደገባ አልጠፋኝም። ኮምቦልቻ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ ከመካከላችን የታሰሩት ሁለት መምህራን የት እንዳሉ ጠይቄ ነበር። መልስ የሰጠኝ የለም። ጥያቄዬን ግን አንድ ሰው ጽፎት ኖሯል።

ያስገቡኝ ክፍል ደሴ ውስጥ የሚገኝ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው እስከ ሰው ቁመት ድረስ ዱቄት ለብሷል፤ የተደገፈው ሰው ሁሉ ጀርባው ነጭ ነው። ብርዱ ከሲሚንቶው ወደ ላይ ይወጣል። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ይሻላል። አብሽር።»

ደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ፍለጋ የመጡት ሰዎች ልጁን ሲያጡ እሳቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ሁሉም አብየ ይላቸዋል፤ አባባ እንደማለት ነው። እኔም ወዲያው አብየ አልኳቸው፤ ምንም አልከበደኝም።

«እኔ እንኳ ዛሬ እወጣለሁ፤ አጣዳፊ ጉዳይ አለብኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሹራብ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ስልኬን ከፍቶ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት እህቴ የላከችልኝን መልእክት ወደ እኔ አዞረው። «ሰውየው አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። የምትመጣ ከሆነ ዛሬ ና» ይላል።

«ሐሙስ ምን ሊደረግ ነው?» አለኝ።

ጥፋቴ መሳቄ ነው። የያዙኝ ለዚህ ከሆነማ አሁኑኑ እወጣለሁ ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር።

«ፈሊጥ እኮ ነው» አልኩት። «ሊሞት የተቃረበ ሰው፣ ሊያልቅለት የደረሰ ዕቃ፣ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው ይባላል። ይህ የተቀመጡበት ወንበርም አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አስተምረዋለሁ፤ ፈተና ላይ ቢመጣብዎት አንድ ማርክ ያጡ ነበር።»

ወንበሩ በእርግጥም ይወዛወዝ ነበር። እሱ ግን ፈገግም አላለ። አንድ ነገር ጻፈና ደብተሩን ከደነ።

«ጥሩ፤ እንግዲያው ሐሙስን አብረን እንጠብቃለን።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ። ተማሪ የምታስቅልኝ ምላሴ እዚያ ወንበር ፊት ለፊት ሦስት ቀን አስቆረጠችብኝ፤ መልእክቱ ላይ ያለው ሰውየው ደግሞ ሦስት ቀን ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ወደ ክፍሉ ስመለስ ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

የዘበኛውን አማርኛ ተማርኩ። «አሁን ይጠሩሃል» ካለ ከመምሸቱ በፊት ማለት ነው። «ቆይ» ካለ ነገ ማለት ነው። «ነገ» ካለ ግን ተስፋ ቁረጥ ማለት ነው። ቀን መግፋት የሚለውን ለተማሪዎቼ «በችግር መኖር» ብዬ አስጽፋቸው ነበር፤ ትክክልም ነው፣ ማርክ ያሰጣል። ቀን ትከሻ ተሰጥቶት የሚገፋ ነገር መሆኑን፣ ስትገፋው ውለህም ማታ እዚያው ቆሞ እንደምታገኘው ግን እዚያ ነው ያወቅሁት።

የምርመራውን ነገር አውርቼላቸው ስለነበር አብየ ማክሰኞ ጠየቁኝ። «ሐሙስ ቀረው የተባለው ማነው ልጄ?»

«የማውቀው ሰው ነው» አልኳቸው።

«አላህ ቀኑን ያሳምርለት። ሐሙስ እንኳ ለሚሄድ ሰው አይከፋም፤ ከኋላው ጁምአ ነው፣ ሰው የሚሰበሰብበት።»

ተማሪዎቼ ለምን ሐሙስ፣ ለምን ማክሰኞ አልሆነም እያሉ ሲያስቸግሩኝ «ሲባል የኖረ ነው» እላቸው ነበር። የአብየ ከእኔ መልስ ይሻላል።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ተጠራሁ።

«አማርኛ እንድታስተምረኝ አይደለም የጠራሁህ» አለ መርማሪው። «አባባሉን ሰኞም አውቀው ነበር። እናቴ ስለ ላሟም ስለ ጎረቤቷም ትለው ነበር። የማላውቀው ሰውየውን ነው። ማነው? ለማንስ ነው ቀን የቆረጣችሁለት?»

«አባቴ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባቱን ሰውየው የሚል ልጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

እናታችን በሞተች በሠላሳኛው ቀን፣ አርባዋ ሳይወጣ፣ አባታችን ሌላ ሴት አገባ። ለቅሶ ደራሹ ገና ከበራችን አልጠፋም ነበር። ያን ቀን እኔና እህቴ ልብሳችንን ይዘን ወጣን፤ ከዚያ ወዲህ አባት የሚለውን ቃል ተውነው። በስልክም በጽሑፍም ሰውየው ሆነ። ሰውየው ታመመ፣ ሰውየው መሬቱን ሸጠ፣ ሰውየውን ሚስቱ ጥላው ሄደች። አሥር ቀን መጠበቅ ስላቃተው አሥራ አንድ ዓመት ቂም ይዘንበታል። ይህን ለቅርብ ጓደኛ እንኳ አውርቼው አላውቅም። ለዚያ ሹራብ ለባሽ ግን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ከማፈሬ የተነሳ ዱቄት የነካውን እጅጌዬን እያራገፍኩ።

«ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቷል» አልኩት በመጨረሻ። «ደውለው ይጠይቁ።»

«ማን ብዬ ልጠይቅ? ሰውየው ብዬ?»

የአባቴን ሙሉ ስም ነገርኩት። ጻፈውና «ነገ» አለኝ።

ተመልሼ ለአብየ እውነቱን ተናገርኩ።

«ብቻውን ለቀረ ወንድ አሥር ቀንም ረጅም ነው» አሉ። «ወላሂ፣ እኔ አልፈርድበትም። አንተም ላይ አልፈርድ፤ እናት ናት።»

ሐሙስ ዘበኞቹ ጨመሩ። ከውጭ የምንሰማው የባጃጅ ጥሩምባና አዛን ብቻ ነበር። ከቀትር በኋላ ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ አየኝና «ሐሙስህ እኮ አለቀ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እንግዲህ ምንም ነገር ካልተደረገ ይለቁኛል፣ ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ሄጄ ምን እንደምለው ግን አላውቅም ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜም አላወቅሁትም።

ዓርብ ጠዋት ዘበኛው የጠራው እኔን አይደለም፤ አብየን ነው። በሩ ላይ ጥቂት ተነጋገሩ። ሲመለሱ ኩፊያቸውን አስተካከሉ፣ ተኝተው የነበሩትን ቀሰቀሱና ሁሉንም በዙሪያዬ አስቀመጡ። ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ የሚነገረው በጠዋት፣ በሽማግሌ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው።

«ልጄ፣ እህትህ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ነበረች። አባትህ ረቡዕ ከሰዓት አርፏል። ትናንት ተቀብሯል። ጠንክር።»

ያችን አንዲት ሐሙስ እንኳ አላገኛትም። እኛ እዚህ ታጥቀን ሐሙስን ስንጠብቅ እሱ ከሐሙስ በፊት ሄዷል።

አለቀስኩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለእናቴ ካለቀስኩት በላይ አለቀስኩ፤ ሳይደብቁ መናገር ከሆነ እውነቱ ይህ ነው። ሰዎቹ ከየስንቃቸው ዳቦ ቆርሰው አንድ ላስቲክ ላይ አደረጉና እዝን ነው ብለው አቀረቡልኝ። አንዱ እግዜር ያጽናህ ሲል ሌላው አላህ ያጽናህ ይላል።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። በመልእክቱ በተጠቀሰው ሐሙስ ዕለት ምንም የተፈጸመ ነገር ባለመኖሩ ተጠርጣሪው እንዲለቀቅ ይላል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ከልቡ ይመስለኛል። «ፈርምና ሂድ፤ ለሣልስቱ ትደርሳለህ።»

«ይህ ስህተት ነው» አልኩት። «ሐሙስ ዕለት የተፈጸመ ነገር አለ። አባቴ ተቀብሯል። ይጻፍልኝ።»

«መምህር፣ ይህ የቀብር መዝገብ አይደለም።»

«ይጻፍልኝ።»

«ካልፈረምክ አትወጣም። ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሁድ ነው፤ እኔ የለሁም።»

«እጠብቃለሁ።»

ጀግንነት አልነበረም። ያን ወረቀት ፈርሜ ብወጣ ግን አባቴን እንደገና «ሰውየው» ያልኩት መሰለኝ።

ሣልስቱ እኔ በሌለሁበት አለፈ። እህቴ ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶ ደራሹን ብቻዋን ተቀበለች። ሰኞ ሲጠራኝ መርማሪው እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ከጽሕፈቱ ግርጌ በእጄ «ሐሙስ ዕለት አባቴ ተቀብሯል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አንብቦት ማኅተሙን መታበት።

እህቴ እስከ ዛሬ አልማረችኝም። «ለአንድ መስመር ጽሕፈት ብለህ!» ትላለች። እሷ እዚያ ሆና ያየችውን እኔ አላየሁም።

አብየ ከእኔ በኋላ ስንት ቀን እንደገፉ አልሰማሁም። እኔ ኮምቦልቻ ተመልሼ አስተምራለሁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ «አባቴ» ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት ያ ብቻ ነው፤ እሱም ደሴ፣ የሰው መዝገብ ውስጥ ታስሮ ተቀምጧል። ያነበበው መርማሪው ነው። አባቴ ግን አልሰማኝም።