በር መዝጋት የተዉት ቁልፍ ሠሪ

ካቻቪቴ ከእጃቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ጋሽ ካቻቪቴ ይላቸዋል። ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቃቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲቀርጹ ኖረዋል። እሳቸው ያቃታቸው በር አለ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ይኸው ሙያቸው ግን አንድ ጊዜ ጉድ ሠራቸው። አንዲት ልጃቸው መጠጥ ላይ ወደቀች። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ጎበዝ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን ብርጭቆ ካየች ራሷን የማታውቅ። አባት መከሩ፣ ተቆጡ፣ ለመኑ፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ሲጨንቃቸው የሚችሉትን አደረጉ፤ የመኝታ ቤቷ በር ላይ ጠንካራ ቁልፍ ገጥመው ቆለፉባት። በፀጉር ማስያዣ ሽቦ ከፍታው ወጣች። የባሰ ገጠሙ፤ እሱንም ከፈተችው። ማን አስተማራት? በአሥር ዓመቷ ሱቅ ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ "የኔ ጎበዝ!" እያሉ ራሳቸው ናቸዋ!

ሦስተኛ ገጥመው እሱም በተከፈተ ማግስት ቁልፉን ፈተው ጣሉት።

"ልጄ፣ ሁለተኛ በር አልዘጋብሽም። ብቻ ስትሄጂ አትደብቂኝ። ንገሪኝ፣ አብረን እንሄዳለን።"

"መጠጥ ቤት?"

"መጠጥ ቤት።"

ቀልድ መስሏት ነበር። በማግስቱ ከሰዓት "ሄድኩ አባዬ" ስትላቸው ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሏት። እሷ ገባች፤ እሳቸው ከበሩ ፊት ለፊት የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ስትወጣ ክንዷን ደግፈው፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ቤት አስገቧት። ይህ ለወራት ቀጠለ። የሰፈር አፍ መቼም አያርፍም፤ "ሽማግሌው የመጠጥ ቤት ዘበኛ ሆኑ" ተባለ። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ቢቸግረው፣

"ጋሼ፣ ምነው ለክብርዎ እንኳ ቢያስቡ?" አላቸው።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ሥር ተንበርክኬ ኖሬ፣ ለልጄ ብቀመጥ ምኑ ይገርምሃል?"



ተአምር አልተፈጠረም። በራሷ ፈቃድ ሕክምና ገባች፣ አራት ወር ሳትጠጣ ቆየች፣ ተመልሳ መጠጥ ላይ ወደቀች። ሕክምናውን እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ወደቀች። እሳቸውም እንደገና የመንገዱ ጠርዝ ላይ። አንዳንዴ ቆይታዋ ሲረዝም፣ አንድ ቀን በሕይወት ባትወጣስ እያሉ እንባቸው ይመጣ ነበር። ተነስቶ መሄድ ግን አልሆነላቸውም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት እንደሚመጣ እሳቸውም አያውቁት።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ልጅቱ ሱቁ በር ላይ መጥታ ቆመች። ፊቷ ገርጥቷል።

"አባዬ፣ ጠጪ ጠጪ እያለኝ ነው።"

የያዙትን አስቀምጠው ጃኬታቸውን አነሱ። "እሺ ልጄ፣ እንሂድ።"

"አይ፣ አልሄድም። ንገሪኝ ስላልከኝ ነው የመጣሁት።" አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። "እስኪያልፍልኝ እዚህ ልቀመጥ?"

ጋሽ ካቻቪቴ ጃኬታቸውን መልሰው ሰቀሉ። ሱቃቸው ውስጥ ያለችው ወንበር አንዲት ብቻ ናት፤ እሷን ለልጃቸው ለቀቁላት። እስኪመሽ ድረስ ቆመው ሠሩ።