ወደ ጉሙ የተወረወረ መንጠቆ

«እትዬ ዘነቡ፣ ለባሕር ዓሣ በየትኛው ወር እንሂድ?» አላችሁኝ። እሺ፣ ወንበራችሁን ሳብ አድርጉና ተቀመጡ። ከቸርች ወጥተናል፣ የሚያስቸኩለን የለም።

ወሩን መንገር ቀላል ነው። ዊንተር ላይ የድልድይ ምሰሶ ሥር የሚውል፣ ጥርሱ ቁርጥ የሰው ጥርስ የሚመስል ባለ ጥቁር ሸንተረር ዓሣ አለ። ብርዱን ከቻላችሁት እሱን ሂዱበት። አፕሪል ላይ ከአሸዋው ዳር ሳትርቁ ትንንሾቹን ትለቅማላችሁ፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ሰመር ላይ ትልልቆቹ ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን መብረቁም አብሯቸው ይመጣል። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ሬድፊሽ አለ። መዳብ የመሰለ፣ ጭራው ላይ እንደ ዓይን ያለች ጥቁር ነጥብ ያለችበት፣ ትልቁ የአሥር ዓመት ልጅ የሚያህል። ውኃ ውስጥ ሆኖ እንደ ከበሮ ድም ድም ይላል። እኔ የኦክቶበር ሰው ነኝ።

የእኛ የአትላንታ ሰዎች ችግር ግን ወሩ አይደለም። ባሕሩ ከዚህ ከሊልበርን አምስት ሰዓት ያስነዳል፤ ስለዚህ ቀኑን የምንመርጠው ባሕሩን አይተን ሳይሆን ስኬጁላችንን አይተን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ኦክቶበር ላይ፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት። የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይሄን ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ሦስት ነበርን። አንደኛው ጋሽ ታፈሰ ናቸው። አርባ ምንጭ ተወልደው አባያ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጥሉ ያደጉ፣ እዚህ መጥተው ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ስማይርና ያለው ቤታቸው በር ላይ ፓርክ ያደረጓት የአሉሚኒየም ጀልባ ነበረቻቸው፤ ከመኪናቸው በላይ ነበር የሚያጥቧት። ሁለተኛዋ ሜሮን ናት፣ የቸርቻችን ልጅ፣ ነርስ። ያኔ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ነበር የምትኖረው። እኔ ያው እንደምታውቁኝ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ረቡዕና ዓርብ ለጋሽ ታፈሰ ጾም ነው፣ እሑድ ለእኔና ለሜሮን ቸርች ነው፣ ሜሮን ደግሞ የሥራ ሺፍቷ ይቀያየራል። ስንፈልግ ስንፈልግ አንዲት ማክሰኞ ተገኘች። «ማክሰኞ ነው፣ አለቀ» አልኩ። ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ አየሁ፤ አላየሁም አልልም። ግን ያየሁት ዓሣው የሚበላበትን ሰዓት ለማወቅ ነበር እንጂ ለሌላ አልነበረም። የአየሩን ትንበያ ከፍቼ ነፋስ የለም የሚለውን አነበብኩ። ከሱ ቀጥሎ ስለ ጉም የተጻፈውን አላነበብኩም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋን ከጋሽ ታፈሰ መኪና ኋላ አስረን በሜከን አድርገን ወረድን። ባሕሩ አካባቢ ካለችው ከዳሪየን አጠገብ ሞቴል አደርንና ሊነጋጋ ሲል ጀልባዋን ውኃ ላይ አወረድናት። እንዲህ ያለ ንጋት አይቼ አላውቅም። ነፋስ የሚባል የለም። ግራና ቀኙ ረግረግ፣ ሳሩ እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ቢጫ፣ ከላይ መጉደል የጀመረች ጨረቃ ገና አልጠፋችም። ሞተሩን ቀስ አድርገው ሲነዱት ውኃው እንደ ዘይት ተከፍሎ ተመልሶ ይገጥማል። ሜሮን እጇን ውኃው ውስጥ ከታ «ሞቃት ነው» ብቻ አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ረግረጉ አልቆ ባሕሩ በሚጀምርበት አፍ ላይ አንድ የአሸዋ ጉብታ አለ። ውኃው ሲሸሽ ይወጣል፣ ሲመለስ ይሰጥማል። ስንደርስ ወጥቶ ጀርባውን ፀሐይ እየመታው ነበር። ጋሽ ታፈሰ ጀልባዋን ዳሩ ላይ አስጠግተው መልሕቁን አሸዋው ውስጥ ቀበሩት። ገመዱን አጭር አድርገው ነበር ያሰሩት።

«ጋሼ፣ ትንሽ አይረዝምም?» አለቻቸው ሜሮን።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ጀልባ አስሬአለሁ» አሏት። እውነታቸውን ነው። ግን ያሰሩት እዚያም እዚህም ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቅ ካሰርክበት ከፍታ አይነሣም። ባሕሩ ሲነሣ ጀልባዋም አብራ ትነሣለች፤ ገመዱ አጭር ከሆነ መልሕቁን ራሷ ነቅላው ትሄዳለች። ይሄን ያኔ ከሦስታችን ማናችንም አላሰብነውም። እንዳንሰጥም የሚያንሳፍፉንን የዋና ጃኬቶች ጀልባዋ ላይ ትተን፣ የሜሮንንም ስልክ እዚያው ትተን፣ የማጥመጃ ዘንጎቻችንን ይዘን ወረድን። የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ግን ኔትወርክ አልነበረውም።

ውኃው መመለስ ሲጀምር ዓሣው ያዘኝ። መንጠቆዬ ላይ የትንሽ ዓሣ ግማሽ ሰክቼ፣ ከሱ በላይ ከባድ እርሳስ አስሬ ወርውሬ ነበር። ዘንጉ አንዴ ነቀነቀ፣ ከዚያ ጎበጠ፣ ከዚያ ክሩ ከተጠቀለለበት ከሪሉ ላይ እየጮኸ ወጣ። እስበዋለሁ፣ ይወስድብኛል። እቆማለሁ፣ ይቆማል። ጉሙ መቼ እንደመጣ አላውቅም። ከረግረጉ በኩል ነው የመጣው፤ እንደ ጭስ ሳይሆን እንደ እንቅልፍ። መጀመሪያ ሳሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ ፀሐይዋ ነጭ ሳንቲም ሆነች፣ ቀጥሎ እሷም የለችም። እኔ ግን ዓይኔ የክሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ ዓለም ሁሉ አንድ ክርና እኔ ብቻ የሆንን መሰለኝ።

ሜሮን ከኋላዬ መጣች። «እትዬ፣ ጀልባው የለም።»

«ትንሽ ጠብቂኝ» አልኳት።

ሰምታችኋል? ጀልባው የለም ስትለኝ ትንሽ ጠብቂኝ አልኳት። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ነበር።

«እትዬ ዘነቡ! ሲሪየስሊ፣ ጀልባው የለም! እዚያ ነበር፣ ሄጄ አየሁት፣ የለም!»

ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። ዓሣው ወደ እግሬ መጣ። ጎኑ ያበራል፣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ትልቁን መልቀቅ ሕጉም ነው፤ መንጠቆውን አወለቅኩለትና ገፋ አደረግኩት። ጭራውን አንዴ መታና ነጩ ውስጥ ገባ። ቀና ስል ሜሮን ፊቷ ዓመድ መስሏል። ጋሽ ታፈሰ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ጀልባዋ ወደነበረችበት እያዩ ቆመዋል። ልጅ የጠፋበት አባት ይመስሉ ነበር።

«ወደ ባሕሩ ነው የሄደችው» አሉ። «በባሕሩ በኩል እንፈልጋት።»

«ጋሽ ታፈሰ፣ መዋኘት ይችላሉ?» አልኳቸው።

«አዞ ያለበት ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው መዋኘት ከየት ይማራል?»

እኔም አልችልም። የምትችለው ሜሮን ብቻ ናት፤ እሷም የተማረችው አፓርታማዋ ግቢ ባለው ፑል ውስጥ ነው። ጮኽን። ፉጨት አፏጨን። ጉም ድምፅን ይበላል፤ የበላውንም ከሌላ አቅጣጫ ይመልሳል። የራሳችንን ጩኸት ከፊታችን ሰምተን ሰው የመለሰልን መስሎን ነበር።

ውኃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ነው ወደ ታች ማየት የጀመርኩት። አዳኝ የአውሬውን ኮቴ አይቶ ነው የሚሄደው አይደል? ባሕርም ኮቴ አለው። የደረቀ የረግረግ ሳር ቁራጭ ከፊቴ ተንሳፍፎ አለፈ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ የአረፋ ቅንጣቢ። ሁሉም ከቀኜ መጥተው ወደ ግራዬ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚሄዱት። ውኃው ወደ ምድር እየገባ ነው፤ ጀልባዋንም የወሰደው ወደዚያው ነው።

«ወደ ባሕሩ አይደለም» አልኩ። «ሳሩን እዩት። ወደ ውስጥ ነው የወሰዳት።»

ጋሽ ታፈሰ ሳሩን ተከትለው አዩ። ክርክር ይወዱ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልተከራከሩም። «ወርውሪ» አሉኝ። «እርሳሱን ወርውሪ። አሉሚኒየም ከነካ እንሰማዋለን።»

ወረወርኩ። ነጩ ውስጥ ጠፋ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ጭልቅ አለ። ሰበሰብኩ። ትንሽ ወደ ቀኝ ወረወርኩ። ጭልቅ። ትንሽ ወደ ግራ። ጭልቅ። ሜሮን በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረች። ክሩ ጣቴን ቆርጦት ጨዉ እያቃጠለኝ ነው። ስንት ጊዜ እንደወረወርኩ አልቆጠርኩም፤ ውኃው ጭኔ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ፣ ኳ።

ቀጭን ድምፅ ናት፣ ማንኪያ ድስት ሲነካ እንደሚሰማው። ቀስ ብዬ ስስብ መንጠቆው አንድ ነገር ያዘና መጣ፤ ይመጣል ግን አይታገልም። ከጉሙ ውስጥ በውኃው ላይ እየተንሸራተተ ብርቱካናማ ነገር ወጣ። የዋና ጃኬት! በሕይወት ዘመኔ ካጠመድኩት ሁሉ እንደዚያ ያስለቀሰኝ የለም። ሜሮን እየሳቀች እያለቀሰች ለበሰችው።

ያንኑ አቅጣጫ ደገምኩት። አንዱ ሳተ፣ አንዱ ኳ ብሎ ወደቀ፣ የሚቀጥለው ያዘ። ሳብኩ፣ አልመጣም። ዘንጉ ጎበጠና ቆመ። መልሕቁ ጥልቁ ቦታ ላይ እንደገና ይዞ ጀልባዋን አስሯት ነበር።

«በክሩ እሄዳለሁ» አለች ሜሮን። «ውኃው ወደዚያ ነው፣ ይወስደኛል። እትዬ፣ ብቻ እንዳትለቂው።»

ክሩን በሁለት ጣቷ ክብ አድርጋ ይዛ ውኃው ላይ ተኛችና ሄደች። ጃኬቷ ትንሽ ታየ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እሷን የማውቃት በክሩ ንቅናቄ ብቻ ነበር።

በጣም ብስበው ይበጠሳል፣ ባላላው ትጠፋለች። ጋሽ ታፈሰ ወገቤን በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል፤ አሸዋው ከእግራችን ሥር እየተሸረሸረ ውኃው ደረቴ ሥር ደርሷል። ያኔ ነው አንድ ከባድ ነገር ጭኔን ታክኮ ያለፈው። ቀጥሎ ሌላ። ሻርክ መሰለኝ፤ መጮህ ፈለግሁ፣ ከጮህኩ ግን ዘንጉ ከእጄ ይወጣል።

«አትንቀሳቀሺ» አሉኝ በጆሮዬ። «ዝም በይና ስሚ።»

ድም። ድም ድም። በጆሮ አይደለም የሰማሁት፤ በሆዴ፣ በጎድን አጥንቴ ነው። ሬድፊሾቹ ናቸው። ጉብታው ሲሰጥም እኛ የቆምንበት የእነሱ መንገድ ሆኗል። መዳብ መሳይ ጀርባቸው ከነጩ እየወጣ፣ በሁለት በኩል እኛን ከበው እያለፉ፣ ከበሯቸውን እየመቱ ወደ ውስጥ ገቡ። አንዳቸውም አልጎዱንም፤ ዳብሰውን ነው ያለፉት። ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ብሞትም እዚህ ነው፣ እነዚህን አይቼ ነው አልኩ። ጋሽ ታፈሰ ከኋላዬ እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር።

ክሩ ሦስት ጊዜ ተነቀነቀ። ቆየ። ከዚያ የሞተሩ ሳል፣ እንደገና ሳል፣ ከዚያ ድምፁ። ሜሮን መልሕቁን ስባ ጀልባዋን በእርጋታ ስታመጣት እኔ ክሩን እየሰበሰብኩ አቅጣጫ ሆንኳት። የጀልባዋ አፍንጫ ከጉሙ ሲወጣ ልይዘው እጄን ልዘረጋ አልኩ፣ እጄ ግን ከዘንጉ አልፈታ አለኝ። ሜሮን ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው የፈታቻቸው።

ጉሙ እስኪገፈፍ ጀልባዋ ላይ ወጥተን ሳንንቀሳቀስ ተቀመጥን። ጋሽ ታፈሰ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገመዱ» አሉ። እኔ «ትንሽ ጠብቂኝ» ያልኩትን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሜሮን አየችኝና ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። እስከ አትላንታ ድረስ ስለሱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ታፈሰ በሰባኛ ዓመታቸው ዋና ለመማር ተመዘገቡ፤ ከሕፃናት ጋር ፑል ውስጥ ሰሌዳ ይዘው እግራቸውን ሲያንፈራግጡ አይቼአቸዋለሁ። አሁን ቀን ስንመርጥ መጀመሪያ ባሕሩን እንጠይቃለን፤ ውኃው መቼ ይመለሳል፣ ሌሊቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል፣ ጉም አለ ወይ። ሺፍታችን ካልገጠመ ያ ዓመት ይለፍ። ጃኬት ያልለበሰ ከጀልባ አይወርድም፣ ስልኩም ያው ከሰው ጋር ነው።

ይሄ ሁሉ ግን መሣሪያ ነው፤ ሰው ይማረዋል። እኔን የከበደኝ ሌላው ነበር። ባለፈው ኦክቶበር ከሜሮን ጋር ጀልባ ላይ ሆነን አንድ ትልቅ ያዘኝ፤ ከዚያኛው የሚበልጥ ይመስለኛል፣ ክሩ እየጮኸ ነበር የሚወጣው። ከረግረጉ ራስ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ታየኝ። ሜሮን አላየችውም ነበር። ቢላዬን ከወገቤ መዘዝኩና ክሩን ቆረጥኩት። ዘንጉ ቀጥ አለ። ሜሮን ዞር ብላ ቢላውን አየች፣ ረግረጉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነሣች።