የገዛ ቪዲዮውን የሚጠብቅ መምህር

ታላቅ ወንድሜን ተማሪዎቹ «ጋሽ ልቤ» ይሉታል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። የልብ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ካርቶን ላይ የሳለውን ትልቅ ልብ በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ ይሰካና ልጆቹ ፊት ይቆማል። መጽሐፍ ላይ ያለው ልብ ፊቱን ወደ እኛ ስላዞረ ቀኙ የሚውለው በግራችን በኩል ነው፤ ልጆቹ ሁሌም የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። እሱ ግን ቀኝ እጁን ያነሳና «ይኼ ቀኜ ነው፤ የልቤም ቀኝ በዚሁ በኩል ነው። ደሙን ወደ ሳንባ የሚልከው ይኼኛው ነው» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ግን አይረሱትም።

እኔ የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከእሱና ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር እኖራለሁ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ወይ በሥራ ቦታ ወይ በቤት አይቼዋለሁ፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዳይሬክተራችን ወላጆችን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ልጆቻችሁ ምርጫ አላቸው!» ያለ ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ሊጀምራቸው ያሰባቸው የኦንላይን ኮርሶች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተንቦገቦገ። የከዋክብት ጥናት አለ፣ ካርቱን መሥራት አለ፣ የንግድ አመራር አለ፣ ከነባሮቹም ፊዚክስና ባዮሎጂ አሉ። ወላጅ አጨበጨበ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ካርቱን መሥራት አምሮኝ ነበር። የቤተ መጻሕፍቴ ግማሽ ለኮምፒውተር ተለቀቀና መጻሕፍቴ በካርቶን ታጭቀው ኮሪደር ላይ ተደረደሩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አሁን መወልወያዋን የምታስደግፈው እነሱ ላይ ነው።

ኮርሶቹን የሚያዘጋጀው ኩባንያ ወንድሜን ቀረጸው። ካርቶኑን ደረቱ ላይ ሊሰካ ሲል የካሜራው ልጅ «አይ መምህር፣ እሱ ያረጀ ነገር ነው፤ ሥዕሉን በኋላ እኛ እናስገባለን» አለው። ባዶ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቆሙት። የሌለ ልብ እያሳየ፣ በማያየው ሥዕል ላይ እጁን እያወናጨፈ አስተማረ። እቤት ሲመለስ «ዕውር ሆኜ መንገድ ስመራ የዋልኩ ነው የመሰለኝ» አለኝ፤ ሳቅን።

ቀረጻው አልቆ ወሩ ሳይሞላ የአስተማሪነት መደቡ ታጠፈ። ቪዲዮው እያለ ሰውዬው ለምን ይደገማል! ለውለታው ግን ሥራ ሰጡት፦ የኦንላይን ክፍል ተቆጣጣሪ። ልጆቹ ጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ስክሪን ላይ እሱን ያያሉ፤ እሱ ደግሞ በወንበሮቹ መሐል እየተንጎራደደ ጨዋታ የከፈተና ያንቀላፋ ይጠብቃል። ስለ ትምህርቱ አንዲት ቃል እንዳይናገር ተከልክሏል፤ «ሥርዓቱን ያዛባል» አሉት። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ልትጠይቀው ስትል ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ለእሱ ጻፊለት» ብሎ የገዛ ምስሉን ሲጠቁማት አይቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የኛዎቹ ግን የብብታቸውን ጥለው ሲያበቁ ረገጡት።

የወንድሜ ልጅ በዚያው ክፍል ተማሪ ናት። ሐኪም ካልሆንኩ ትላለች። ለጤና ሳይንስ ክፍል የሚመረጡት በባዮሎጂ የማጠቃለያ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ጥቂት ልጆች ናቸው። በአጋማሹ ፈተና ግን የልብ ጥያቄዎች ላይ ወደቀች፤ በልብ ጥያቄ የጋሽ ልቤ ልጅ እንዴት ትወድቃለች? አባትና ልጅ አብረው ቪዲዮውን ከፈቱ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ወንድሜ ስክሪኑ ላይ በኩራት ቆሞ «ደሙን ወደ ሳንባ የሚልከው የልብ ግራ ክፍል ነው» ይላል። የፈተናው ጥያቄዎችም ከዚሁ ስሕተት ተነስተው የተሠሩ ናቸው፤ ቀኝ ያለ ሁሉ ቀይ ምልክት ይሰጠዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

በማግስቱ እኔም ተከትዬው ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባን።

«ተሳስቻለሁ» አለ ወንድሜ። «ግራና ቀኙን አማታሁት። እንደገና ልቀረጽ፤ ምንም አልጠይቅም።»

«መምህር፣ ቪዲዮው እኮ የኩባንያው ነው። እሱን መንካት አዲስ ውል ይፈልጋል።»

«እሺ፣ ፈተናው ይታረም።»

ዳይሬክተሩ ከልቡ ግራ ተጋባ። «ፈተናው ከቪዲዮው ጋር ይስማማል አይደል እንዴ? ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?»

«ልቡ ላይ ነዋ!» አልኩ እኔ። «ሰው ሁሉ የተሸከመው ልብ ላይ!»

«እህቴ፣ እርስዎ የመጻሕፍት ክፍል አይደሉ?» አለና ስልኩን አነሳ። ለኩባንያው የሚደውል መስሎኝ ነበር፤ ስለ ምሳ ነው ያወራው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ስንቴ ቢመላለስ ሰውዬው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተጸየፍኩት፤ ጠረጴዛውንም፣ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን «ምርጫ ለሁሉም» የሚል ጽሑፍም ተጸየፍኩ።

የማጠቃለያው ፈተና ዋዜማ ራት ላይ ነበርን። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ነገ የቱን ልበል?»

«እውነቱን ነዋ!» አልኩ ቀድሜ። «ምን ጥያቄ አለው?»

«እውነቱን ብዬ እኮ ነው የወደቅኩት፣ አክስቴ።»

ወንድሜ ለልጁ ብሎ ቢሟገት ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ቢሄድም ፈተናው አይታረም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

«ግራ በይ» አላት።

«ቀኝ ነው ያልከኝ እኮ አንተ ነህ።»

«ያኛውም እኔ ነኝ። ነገ እሱን ስሚው።»

ተነስቼ ሳህኖቹን አነሳሁ። ሊያለቅስ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ጨው አነሰው ብሎ ወጡን ወቀሰ።

በፈተናው ቀን እሱው ራሱ በወንበሮቹ መሐል ሲንጎራደድ ዋለ። ልጁ አጠገብ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞር ነበር። ውጤቱ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘች። ለጤና ሳይንስ ክፍል አለፈች ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ሮጦ መጥቶ ከኮምፒውተሩ ጎን አቁሞ ፎቶ አነሳትና «የኦንላይን ትምህርታችን ፍሬ!» አለ። ላንቀው ነበር።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሱም ትከሻዋን አቅፎ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ በሚጠይቅበት ድምፅ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ደሙን ወደ ሳንባ የሚልከው የልብ የትኛው ክፍል ነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ሐኪም ልትሆን ነው እንግዲህ።

«ለፈተና ነው» አለችው፣ «ወይስ ለእውነት?»

ወንድሜ እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳ።